ፋጢማ ከአያቷ የሰማችው



ሐዲስ ስታነቡ የዘጋቢዎቹን ስም ዘላችሁ ወደ መልእክቱ እንደምትሮጡ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዛሬ ግን በቡኻሪ ውስጥ ደጋግሞ በሚመጣ አንድ ሰነድ ላይ ቆም እንበል፦ ሂሻም ከፋጢማ፣ ፋጢማ ከአስማእ። ሂሻም ኢብኑ ዑርዋና ፋጢማ ቢንቱል ሙንዚር ባልና ሚስት ናቸው። አስማእ ቢንት አቢ በክር (ረዲየላሁ ዐንሃ) ደግሞ የሁለቱም አያት ናት።

አስማእን የምናውቃት በሂጅራው ነው። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና ለአባቷ የስንቁ ማሰሪያ ሲጠፋ መቀነቷን ለሁለት ቀደደች። ያኔ ወጣት ነበረች። ከዚያ በኋላ ብዙ ኖራለች፤ ዕድሜዋ ወደ መቶ ተጠግቶ፣ ዓይኗ ጠፍቶ፣ የልጇን የዐብዱላህን መገደልም አይታ በ73 ዓመተ ሂጅራ መካ ውስጥ ወደ አኼራ ሄደች። ዕድሜው የረዘመና ሥራው ያማረ ሰው ከሰዎች በላጩ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል።

ፋጢማ ከዚህ ረጅም ዕድሜ ምን ያዘች? ትኩሳት የያዛት ሴት ስትመጣ አያቷ ዱዓ እያደረገችላት በአንገትጌዋ በኩል ውኃ ታፈስላት ነበር፤ ነቢዩ ትኩሳትን በውኃ እንድናበርድ አዘውናል ትል ነበር። በፀሐይ ግርዶሹ ሶላት ላይም መቆሙ ረዝሞ ራሷን ሲያዞራት ውኃ በራሷ ላይ ማፍሰሷን የነገረችን ፋጢማ ናት። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር ሰው ለልጅ ልጁ ነው የሚያወራው። ፋጢማ ደግሞ ጆሮዋን ሰጠች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዲን ሆኖ ይቀራል።

እኔ እንደ ፋጢማ አልነበርኩም። አንድ ክረምት ከመድረሳ ስመለስ ቡና ላይ የአያቴን ፋቲሓ አረምኩ። ፊደል እየቆጠርኩ፣ የተማርኩ መሆኔን እያሳየሁ። ዝም ብላ ሰማችኝና «ባረከላህ ልጄ» ብላ ሲኒውን አቀበለችኝ። ያንን ፋቲሓ በልጅነቷ ማን እንዳቀራት፣ ስንት ቀን በእግሯ ተጉዛ እንደቀራችው ግን አልጠየቅኳትም። አላህ ይዘንላት፤ አሁን የሚነግረኝ የለም።

አያታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ጎራ በሉ፣ ሩቅ ከሆነችም ደውሉላት። ፋቲሓን መጀመሪያ ያቀራት ማን እንደነበር ጠይቋት።