የአሮጌ የግቢ ትራክተር ሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ፦ ለመፍታት ወይም ላለመፍታት የሚወሰንበት መንገድ

መግቢያ

ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ካብ ካዴት» የተሰኘውን የግቢ ትራክተር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ ሞዴል 123 በሰንድስትራንድ ኩባንያ የተሠራ ሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ ተገጥሞለት ወጣ። በዚህ ካምቢዮ አሽከርካሪው ማርሽ ሳይቀይር፣ በአንድ ማንሻ ብቻ ፍጥነቱንም አቅጣጫውንም ይለውጣል። እነዚህ ትራክተሮች ዛሬም በአሜሪካ በአሮጌ ማሽን አዳሾች ዘንድ ተፈላጊ ናቸው። አዳሹ ትራክተሩን እስከ ሻሲው ፈትቶ ለቀለም ሲያዘጋጅ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ካምቢዮው አብሮ ይፈታ ወይስ እንዳለ ይመለስ?

ሁለቱም ምርጫዎች አደጋ አላቸው። ያረጀ ካምቢዮ ሳይነካ ከተገጠመ፣ ቀለሙ ደርቆ ሥራው ካለቀ በኋላ ትራክተሩ እንደገና ሊፈታ ይችላል። ደህናው ያለ ምክንያት ከተከፈተ ደግሞ ለዓመታት ተላምደው የሠሩ ክፍሎች ይለያያሉ፤ በመሐል የሚገባ ቆሻሻም ጤነኛውን ያበላሻል። ይህ ጽሑፍ ውሳኔው በማሽኑ ዕድሜ ሳይሆን በማስረጃ ሊመሠረት እንደሚገባ፣ ዋናው ማስረጃም የሚገኘው ትራክተሩ ከመፈታቱ በፊት መሆኑን ያስረዳል።

የአሠራሩ መሠረት

ካምቢዮው ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በትራክተሩ ሞተር የሚዞር ፓምፕ ነው። በውስጡ ያሉት ፒስተኖች ዘንበል በሚል ሰሌዳ ላይ እየተንሸራተቱ ይመላለሳሉ፤ የሰሌዳው ዝንባሌ በማንሻው ሲጨምር የሚገፉት ዘይት ይጨምራል፣ ወደ ሌላው ወገን ሲዘነብል ደግሞ የዘይቱ አቅጣጫ ይገለበጣል። ሁለተኛው ክፍል ይህን ዘይት ተቀብሎ መንኮራኩሮቹን የሚያዞረው ሃይድሮሊክ ሞተር ነው። ዘይቱ በሁለቱ መካከል በዝግ ዑደት ይመላለሳል። በመንገድ የሚሾልከውን የሚተካው አነስተኛ መጋቢ ፓምፕ ሲሆን፣ የሚተካው ዘይት የሚገባው በሁለት ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቮች በኩል ነው።

በፒስተኖቹና በሲሊንደሮቹ መካከል ዘይቱን የሚያግደው የክፍተቱ ጥበትና የዘይቱ ስስ ሽፋን ነው። በጠባብ ክፍተት የሚሾልክ ፈሳሽ መጠን ከክፍተቱ ስፋት ኩብ ጋር ቀጥተኛ፣ ከፈሳሹ ዝልግልግነት ጋር ደግሞ ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ባይለወጥ፣ ክፍተቱ በእጥፍ ሲሰፋ የሚሾልከው ዘይት 8 እጥፍ ይሆናል። ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥንም መበላቱ በቀዝቃዛ ማሽን ላይ ተሸሽጎ በሞቀ ማሽን ላይ ይገለጣል። ለውሳኔው ዋነኛው መለያ ይህ ነው።

ምልክቶቹና መንስኤዎቻቸው

ትራክተሩ ፎሌ ላይ ሆኖ የሚሳብ ወይም ሲነሣ የሚዘል ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከካምቢዮው ውጭ ነው። በካብ ካዴት ላይ የማንሻውን እንቅስቃሴ ወደ ሰሌዳው የሚያስተላልፈው ክንድ ስንጥቁ እየተበላ ይሰፋል፤ ስንጥቁን በብየዳ ሞልቶ እንደገና በልኩ መቁረጥ ችግሩን ያስወግዳል። ጉልበት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከጠፋ፣ በዚያ ወገን ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ አልዘጋ ብሎ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ይመረመራል። በሁለቱም አቅጣጫ፣ ማሽኑ ቀዝቅዞም ሞቆም የማይንቀሳቀስ ከሆነ የዘይቱ መጠን፣ ፊልትሮው፣ የመጋቢው ግፊትና ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ማያያዣ ይታያሉ። ዘይት በዘንጎቹ ዙሪያ ካንጠባጠበ የሚያስፈልገው የጎሚኒ ለውጥ ነው። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ መግባቱን ያሳያል።

ጠዋት ዳገት የሚወጣ፣ ከሞቀ በኋላ ግን በዚያው ዳገት ላይ የሚቆም ትራክተር ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ዘይቱ ትክክለኛ፣ ፊልትሮው አዲስ፣ የመጋቢው ግፊትም ደህና ሆኖ ይህ ከታየ፣ የውስጥ መበላት ዋነኛው ተጠርጣሪ ይሆናል።

የፍተሻው ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጣሉ፤ አሮጌው ፊልትሮ ተቆርጦ ውስጡ ይታያል። በካብ ካዴት ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ ዘይት ስለሚጋሩ፣ የብረት ብናኝ ብቻውን የካምቢዮ መበላት ማስረጃ አይሆንም፤ ከጥርሶቹም ሊመጣ ይችላል። ቀጥሎ የውጭው ማንሻና ክንድ ይስተካከላሉ። ከዚያ የመጋቢው ግፊት ቀዝቅዞና ሞቆ ተለክቶ ከአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ጋር ይነጻጸራል። በመጨረሻ ትራክተሩ በጭነት ሠርቶ በሚገባ ከሞቀ በኋላ በአንድ ዳገት ላይ ይፈተናል።

ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ፣ የታደሰው ሞተር ቀለም ከመቀባቱ በፊት ተገጥሞ ይኸው ፈተና ይካሄዳል። ይህ የሚወስደው ጊዜ፣ የተቀባ ትራክተር እንደገና ከመፍታት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ውይይት

አንዳንድ አዳሾች «ትራክተሩ ከተፈታ ዘንድ ካምቢዮውም ይከፈት፤ ድካሙ አንድ ነው» ይላሉ። ክርክሩ ለጎሚኒዎች ይሠራል፦ የዘንጎቹ ጎሚኒ በዕድሜ ስለሚደርቅና በኋላ ለመድረስ ስለሚያስቸግር፣ በዚህ አጋጣሚ መለወጡ ተገቢ ነው። ለውስጠኛው ክፍል ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም የመክፈት ትልቁ ዋጋ ድካሙ ሳይሆን ቆሻሻ የማስገባትና የተላመዱ ገጾችን የማዛባት አደጋ ነው።

ማስረጃው መክፈትን ካስገደደ፣ እያንዳንዱ ፒስተን ምልክት ተደርጎበት ወደ ራሱ ሲሊንደር ይመለሳል። የዘይት ማከፋፈያው ሰሌዳና የሲሊንደር ብሎኩ ገጽ በጥንቃቄ ይመረመራሉ። በጥፍር የሚዳሰስ ጭረት ካለባቸው ጎሚኒ መለወጥ ብቻውን ጉልበት አይመልስም፤ ክፍሎቹ በባለሙያ መስተካከል ወይም መተካት ይኖርባቸዋል። ብሎኩ ክፉኛ ከተጎዳ፣ በሙቀት ተፈትኖ ያለፈ ያገለገለ ካምቢዮ መግጠም የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘሩት ጥፋቶች አብዛኞቹ ካምቢዮውን ሙሉ በሙሉ ሳይፈቱ የሚስተካከሉ ናቸው። ሙሉ እድሳት የሚገባው የውጭው ጥፋት ሁሉ ተወግዶ፣ ድክመቱ ከሙቀት ጋር እየጨመረ ለሚታይ ካምቢዮ ነው። ስለዚህ የካምቢዮው ዕጣ የሚወሰነው የመጀመሪያው ብሎን ከመላላቱ በፊት፣ ትራክተሩ ገና በራሱ ጉልበት ሲንቀሳቀስ ነው።