አዲስ መንደር ለሚገቡ ባልና ሚስት

አንድ የዳሪሙ ወጣት ገበሬ ሚስት አገባ እንበል። የአባቱ መሬት ለአራት ወንድማማቾች ተከፍሏል። ለእሱ የደረሰችው ማሳ አንድ ጥማድ እንኳ አትሞላም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ምን ይሻላቸዋል? ወደ ቆላ ወርደው አዲስ መንደር ይግቡ ወይስ እዚያው ይቀመጡ? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

ሰው ሰፈር ለውጦ ኑሮው ሊሻሻል ይችላል። ግን በራሱ ጊዜ አይሻሻልም። ይህን ካለፈው እንማር።

በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ድርቅ በበረታ ጊዜ የደርግ መንግሥት እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል አሰፈረ። በኢሉባቦር ከፊሎቹ ያኔ የክፍለ ሀገሩ አካል በነበረችው በጋምቤላ ሰፈሩ። ሌሎቹ በነባሩ ገበሬ መካከል ገቡ። ይህ «ስግሰጋ» ይባል ነበር። ነባሩ ገበሬ ጎጆ ሠርቶ ተቀበላቸው። ይሁንና ብዙዎቹ በፈቃዳቸው አልመጡም። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ የተለያየበት ጊዜ ነበር። የደጋ ሰው ደግሞ ወባን አልለመደም። ስለዚህ ብዙ ሰው በበሽታ ሞተ።

መንደር ምሥረታ የተባለውም በዚያው ዘመን መጣ። ጎጆዎች በመስመር ተሠሩ። ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይቀርባል ተባለ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ማሳው ከቤት ራቀ። ታዲያ በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ማን ይጠብቅ? በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙ ገበሬ ምሰሶውን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ ብዙ ቤተሰቦች ያኔ በኢሉባቦር ዞን ወደነበረችው ጨዋቃ መጡ። ደንቡ ሰፈራው በፈቃድ ይሁን ይል ነበር። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 2 ሄክታር መሬት ይሰጣል፤ የቀድሞ መሬቱም ለ3 ዓመት ይጠበቅለታል ይል ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነገር ነው። አዲሱ አገር ባይስማማ መመለሻ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ቤት ከማፍረሳቸው በፊት ሄደው አገሩን ይዩ። መቼ? በመስከረምና በጥቅምት። ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ያቁራል፣ ወባም ያን ጊዜ ይበረታል። በበጋ የታየ ቆላ ግን ሰው ያታልላል። በሬዎቹንም ልብ ብለው ይዩ። ከብቱ ከስቶ፣ ፀጉሩ ቆሞ ከሆነ ገንዲ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ገንዲ በዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በሬ የሞተበት ገበሬ 2 ሄክታር ቢሰጡትም በዶማ አይዘልቀውም። ሚስትየዋ ደግሞ የመንደሩን ሴቶች ትጠይቅ፦ ውሃ የት ትቀዳላችሁ? በጋ ይደርቃል? ይህን ጥያቄ ወንዱ ይረሳዋል።

ከገቡ በኋላ መጸዳጃው ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከጉድጓዱም በታች በኩል ይሁን። አጎበር አንድ ብቻ ከሆነ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ይተኙበት። ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ነገ ይተወኛል እያሉ መቆየት ሕፃን ይገድላል።

አሁን የፊደል ጥቅም ይመጣል። የመሬት ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጣችሁ ዝም ብላችሁ አጥፋችሁ ሣጥን ውስጥ አትክተቱት። አንብቡት። ስማችሁ በትክክል ተጽፏል? የመሬቱ ስፋት በቃል ከተነገራችሁ ጋር አንድ ነው? የሚስት ስም ከባል ስም ጋር አለ? እዚህ ላይ አንዳንድ አባወራ ቅር ይለው ይሆናል። ቅር ይበለው እንጂ ስሟ መጻፍ አለበት። ባል በወባ ቢሞት ያቺ ሴት ልጆቿን ይዛ የምትቀመጠው በዚያች ወረቀት ነው።

ለመወያያ፦
1. በ1982 ዓ.ም. ገበሬው መንደሩን ለምን ጥሎ ሄደ?
2. ከቤታችሁ እስከ ውሃው ስንት እርምጃ ነው? ቆጥራችሁ ጻፉ።
3. ደብተራችሁን አምጡና የሚስትን ስም በጣታችሁ አሳዩ።