ጌም ዲዛይን በማስተርስ ደረጃ፦ ምን ይማሩታል? ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

“ጌም ደግሞ ትምህርት ሆነ እንዴ?” የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ አዎ፣ ያውም እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ድረስ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የትምህርቱን ምንነትና ጋምቤላ ላለ ተማሪ ያለውን ትርጉም ለማየት እንሞክራለን።

1. ትምህርቱ

ጌም ዲዛይን ኮድ መጻፍ ብቻ አይደለም። ዲዛይነሩ ተጫዋቹ ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ምን እንደሚከለከልና እንዴት እንደሚያሸንፍ ይወስናል። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲና በኮፐንሃገን የአይቲ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በማስተርስ ደረጃ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው ጌም ይሠራል፣ ሰው አጫውቶ ይፈትናል፣ ያፈርሳል፣ መልሶ ይሠራል።

በ2004 እ.ኤ.አ. ሃኒኪ፣ ለብላንክና ዙቤክ ያቀረቡት ሐሳብ ጌምን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፦ ደንቡ፣ ደንቡ በጨዋታ ላይ ሲውል የሚፈጠረው እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻም ተጫዋቹ የሚሰማው ስሜት። ዲዛይነሩ በቀጥታ የሚነካው ደንቡን ብቻ ነው።

ገበጣን እንውሰድ። ባለሁለት ረድፍም ባለሦስት ረድፍም አለ፤ ደንቡም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹን መዝግቧቸዋል። ጠጠሩ ያው ጠጠር ነው፤ ግን የመብያ ደንቡን ብትለውጡ አንዱ ጨዋታ ስሌት፣ ሌላው ጥድፊያ ይሆናል። እንግዲህ የማስተርሱ ዋና ጥያቄ ይኸው ነው።

2. ሳይማሩስ አይቻልም?

ይቻላል። ሉዋል ማየን ደቡብ ሱዳናዊ ሲሆን ያደገው በሰሜን ዩጋንዳ የስደተኞች ካምፕ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት ቆጥበው በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዙለት። ቻርጅ ለማድረግ ሦስት ሰዓት በእግሩ ይጓዝ ነበር። ፕሮግራሚንግን በራሱ ተምሮ “ሰላም” የተባለ ጌም ሠራ፤ ጌሙ ከጦርነት ስለሚሸሽ ስደተኛ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የጌም ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ተመሰገነ። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ “ኩኩሉ” የተባለ የሞባይል ጌም አውጥቷል።

ታዲያ ማስተርሱ ምን ይጨምራል? ያለ አስተማሪ የሚሠራ ሰው አንድ ደንብ ለምን እንዳልሠራ ለማወቅ ብዙ ይደክማል። ትምህርቱ ደግሞ ስህተትን ቶሎ የማየት ልምድና በግልጽ የሚተች ጓደኛ ይሰጣል።

3. ለጋምቤላ

ክልላችን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ያሉበት፣ አኙዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንገር፣ ኦፖና ኮሞ የሚኖሩበት ነው። ስለ ስደትና ስለ ሰላም የሚሠራ ጌም እዚህ ባዕድ አይሆንም። እኛ ካልሠራነው ግን ሌላው ከሩቅ ሆኖ፣ ኑሯችንን ሳያውቅ ይሠራዋል።

ለመጀመር መብራትና ኢንተርኔት መጠበቅ አያሻም። ወረቀት፣ ጠጠርና አራት ተጫዋች ይበቃል። አንድ ደንብ ለውጡ፣ አጫውቱ፣ ምን እንደተለወጠ ጻፉ። ማስተርስ ሲያመለክቱ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የራስ ሥራ ስብስብ ነውና ያ ማስታወሻ የመጀመሪያው ገጽ ሊሆን ይችላል።