የጋራ ፎልደር ለምን ይንቀረፈፋል?

እኛ የመልካ ወረር ሠልጣኞች ባለፈው የማስተማር ልምምድ ግማሹን ክፍለ ጊዜ ፋይል በመጠበቅ ጨረስነው። ተማሪዎቹ ዝም ብለው ያዩናል፤ አፈርን።

በኮምፒዩተሩ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን ከፍተን፣ የትምህርቱን ፋይሎች የምናነበው ከዋናው ማሽን በጋራ ፎልደር ነበር። ታዲያ ምክንያቱ ምንድነው? ቨርቹዋል ማሽኑ ፋይል በከፈተ ቁጥር ዋናውን ማሽን መጠየቅ አለበት። አንድ ትልቅ ፋይል ሲሆን ብዙም አይከብድም፤ ሺህ ትናንሽ ፋይሎች ሲሆኑ ግን ምልልሱ ይበዛል። የአዋሽን ውሃ በቦይ መሳብና በጣሳ መቅዳት አንድ አይደሉም።

መፍትሔው፦ ከክፍል በፊት ፋይሎቹን ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ የራሱ ዲስክ ኮፒ ማድረግ ነው። የጋራው ፎልደር ለማመላለሻ ብቻ ይሁን። ሥራ ሲያልቅ ግን ወደ ዋናው ማሽን መመለስ አይዘንጋ፤ ቨርቹዋል ማሽኑ ከተበላሸ የሠራነውም አብሮ ይጠፋልና።