ተደብድቦ ለቆሰለ ስደተኛ ሕጉ የሚሰጠው መንገድ



ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅና ከዚያም በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ድንበር ተሻግረው እስከ 1993 ድረስ በዋልዳ መጠለያ ተቀምጠው ነበር። በማርች 2018 ደግሞ በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ወታደሮች በሰላማዊ ሰዎች ላይ ከተኮሱ በኋላ ወደ አሥር ሺህ የሚሆን ሕዝብ ወደ ኬንያ ገብቷል፤ ከእነርሱም ብዙዎች የተጠለሉት በሶሎሎ አካባቢ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው በጠባብ ቦታ ሲኖር፣ ውኃ በተራ ሲቀዳ፣ ማገዶ ከሩቅ ሲለቀም ጠብ አይጠፋም። የዛሬው ትምህርታችን ጠቡ ወደ ደም ሲደርስ የተጎዳው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ያስረዳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወጣት በውኃ ተራ በተነሣ ጠብ እጁን በገጀራ ተመታ እንበል። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ የመቺው ቤተሰብ ጥቂት ሺሊንግ ከፈለ፤ ነገሩም በእርቅ አለቀ ተባለ። ከስድስት ወር በኋላ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት። የተቀበለው ገንዘብ አልቋል። ፖሊስ ዘንድ የተመዘገበ ነገር የለም፤ የሐኪም ወረቀትም የለም። ይህ ወጣት መብት አጥቶ ሳይሆን ማስረጃ አጥቶ ተጎዳ። ስለዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል እንመልከት።

1. በመጀመሪያ ሕክምና

ከሁሉ በፊት ሕይወት ይቀድማል። ለኦቦ ነዋሪ ቅርብ የሆነው የሶሎሎ ሚሽን ሆስፒታል ነው፤ በሞያሌ ከተማ ደግሞ የመንግሥት ሆስፒታል አለ። ለመታከም የፖሊስ ወረቀት እስኪመጣ አትጠብቁ። ጉዳቱ እንዴትና በምን እንደደረሰ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ። የሕክምና ካርዱን፣ የራጅ ውጤቱንና የመድኃኒት ደረሰኙን ሁሉ አስቀምጡ። ደም የነካውን ልብስ አትጠቡት።

ጥቃቱ መደፈር ከሆነ ሰዓቱ በጣም አስፈላጊ ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚረዳው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሰውነትን ሳይታጠቡ መሄድ ማስረጃውን ያድናል።

2. ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት

የተጎዳው ሰው፣ እርሱ ካልቻለም ዘመዱ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያመለክታል። ፖሊሱ ነገሩን ኦ.ቢ. በሚባለው የዕለት መዝገብ ላይ ይጽፋል። የመዝገቡን ቁጥር ሳትይዙ ከጣቢያው አትውጡ። ነገ ሌላ ፖሊስ ብታገኙ አቤቱታችሁን የሚያገኘው በዚያ ቁጥር ነው። ያዩትን ሰዎች ስምና መኖሪያም አስመዝግቡ።

3. ፒ ስሪ የሚባለው ቅጽ

ፖሊስ ፒ 3 የተባለ የሕክምና ምርመራ ቅጽ ይሰጣል። ቅጹ በነፃ የሚሰጥ ነው። የፖሊሱን ክፍል ፖሊስ ይሞላዋል፤ የሕክምናውን ክፍል ሐኪም መርምሮ ይሞላዋል። ሐኪሙ በዚህ ቅጽ ላይ ጉዳቱ ቀላል ነው፣ አካል የሚያሳጣ ነው ወይስ ከባድ ነው የሚለውን ይለያል። የክሱ ዓይነት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ቃል ስለሆነ፣ የሚያማችሁን ሁሉ ሳትደብቁ ተናገሩ። ዋናው ለፖሊስ ከመመለሱ በፊት ቅጂ አንሡ።

4. የወንጀል ክስ

በኬንያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሦስት ደረጃ አለ። ጉዳት ያላደረሰ ተራ ድብደባ እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስቀጣል (ቁጥር 250)። ጉዳት ያደረሰ ድብደባ እስከ አምስት ዓመት ያስቀጣል (ቁጥር 251)። ከባድ ጉዳት፣ ማለትም አካልን ለዘለቄታው የሚያሰናክል ወይም መልክን የሚያበላሽ፣ እስከ ዕድሜ ልክ ሊያስቀጣ ይችላል (ቁጥር 234)። ክሱን የሚመራው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ተበዳዩ ለጠበቃ አይከፍልም። የእርሱ ድርሻ መመስከር ነው።

ብዙዎች ተከሳሹ በዋስ ሲወጣ "ገንዘብ ሰጥቶ ተፈታ" ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ዋስ ማለት ነፃ መውጣት አይደለም፤ ክሱ ይቀጥላል። በ2014 በወጣው የተበዳዮች ጥበቃ ሕግ መሠረት ተበዳዩ "ያስፈራራኛል" ብሎ ማመልከትና ደኅንነቱ በዋስ ጉዳይ እንዲታሰብለት መጠየቅ ይችላል።

5. ካሣ

ካሣ የሚገኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ያለውን ሰው ለተበዳዩ ካሣ እንዲከፍል ማዘዝ ይችላል። ሁለተኛው፣ ተበዳዩ ራሱ የፍትሐ ብሔር ክስ መመሥረት ይችላል። ለዚህኛው ክስ ሕጉ የወሰነው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ረጅም ይመስላል፤ ለታመመ ሰው ግን ሳይታወቅ ያልፋል። ቀኑን ጻፉት።

6. ሽምግልናስ?

እርቅ ባህላችን ነው፤ አንነቅፈውም። የኬንያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 159 ባህላዊ ሽምግልናን ይቀበላል። በ2013 ናይሮቢ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቤተሰቦች ስለታረቁ አንድ የነፍስ ግድያ ክስ እንዲነሣ ፈቅዶ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን ይህ የተለመደ አይደለም። ከባድ ጉዳት ማድረስ ከባድ ወንጀል ስለሆነ ክሱ የሽማግሌዎቹ ወይም የቤተሰቡ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለመታረቅ የምትፈልጉ ብትሆኑ እንኳ ሕክምናውን፣ የመዝገብ ቁጥሩንና ፒ 3ን አስቀድሙ። ቁስሉ ምን እንደሚሆን ሐኪም ሳይናገር ካሣ አትቁረጡ። በማታውቁት ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

7. ድብደባው ከድንበሩ ማዶ ቢሆንስ?

በኢትዮጵያ በኩል የተፈጸመ ድብደባ የሚታየው በኢትዮጵያ ሕግ ነው። በዚያም ከባድ የአካል ጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስደተኛ ግን ለክስ ብሎ ድንበር ከመሻገሩ በፊት የጥበቃ ሠራተኞችን ያማክር።

8. "እኔ ስደተኛ ነኝ፤ ማን ይሰማኛል?"

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 16 ስደተኛ ፍርድ ቤት የመቅረብ ነፃ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ኬንያም በ1966 ተቀብላዋለች። በ2016 የወጣው የኬንያ የሕግ እርዳታ ሕግም አቅም የሌለውን ስደተኛ ከሚረዱት ሰዎች ውስጥ ቆጥሮታል። የኬንያ ስደተኞች ኮንሶርቲየም የተባለው ድርጅትም ለስደተኞች የሕግ ምክር ይሰጣል። ስዋሂሊ ወይም እንግሊዝኛ የማትችሉ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሳይገባችሁ "አዎ" አትበሉ። ወረቀታችሁ ያልተሟላ ከሆነ ደግሞ ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር ሆናችሁ ወደ ጣቢያ ሂዱ።

በመጨረሻም፣ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ከሁሉም በላይ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ሕክምና፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ፒ ስሪ። ይቅርታ ማድረግም ሆነ መክሰስ የተበዳዩ ምርጫ የሚሆነው እነዚህ በእጁ ሲኖሩ ነው።