ደመወዙ ለምን እንደበዛ ጠይቂ

የእህቴ ልጅ፣ ገንዳ ውሃ ያለውን የሒሳብ ሥራሽን ትተሽ እጥፍ እከፍላለሁ ወዳለሽ የሰሊጥ ላኪ ልትሄጂ መሆኑን ከእናትሽ ሰማሁ። ሂጂ ወይም ቅሪ ብዬ አልወስንልሽም። ዕድሜዬን ግን እዚህ መተማ ዮሐንስ ከእርሻ ሠራተኛ ጋር ነው የጨረስኩት፤ ፊደል ያልቆጠረ ሳሉግ፣ ማለትም ለሥራ ቆላ የሚወርድ የእርሻ ሠራተኛ፣ አሠሪ የሚመርጥበትን ዘዴ አይቻለሁና እሱን ልንገርሽ።

1. ብሩ የበዛበትን ምክንያት ፈልጊ። ሰሊጥ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም፤ አጨዳው ከዘገየ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ባለሀብቱ ሁሉ ሰው ይሻማል። ከደምቢያ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የወረደው ሳሉግ ኮኪት ላይ ተሰብስቦ ሲደራደር ብታዪው ከፍ ያለ ዋጋ የጠራውን ተከትሎ የሚሮጥ ይመስልሻል። አዲሱ እውነትም ይሮጣል። አገሩን የለመደው ግን መጀመሪያ የባለሀብቱን ወኪል በጥያቄ ያጣድፈዋል፦ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ማታ የት ነው የምንተኛው? አምና የታመመውን ማን ጤና ጣቢያ አደረሰው? ሒሳባችንን እዚያው እርሻው ላይ ትዘጋላችሁ ወይስ ከተማ ስንገባ ትላላችሁ? ስሙ የከፋ እርሻ ከጎረቤቱ ጨምሮ ካልከፈለ ሰው አያገኝም። ስሙ የቀናው ደግሞ በገበያው ዋጋ ይሞላለታል፤ አምና የሠሩት ዘንድሮ ወንድማቸውን አስከትለው ይመጡለታል። የአንቺም ጭማሪ ለችሎታሽ የተከፈለ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ሰው አልችልም ብሎ ጥሎት ለሄደው መከራም የተከፈለ ሊሆን ይችላል። ለመለየት አይከብድም፦ ከአንቺ በፊት በዚያ ወንበር ላይ ማን ነበር? ስንት ጊዜ ቆየ? ለምን ሄደ? ቀጣሪሽ ይህን ስትጠይቂው ፊቱ ከተለወጠ መልሱን ሰጥቶሻል።

2. እጥፍ የተባለውን በሰዓት አካፍዪው። ሕጉ፣ ማለትም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የቀን ሥራ ከ8 ሰዓት፣ የሳምንቱ ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ በላይ ያለው የትርፍ ሰዓት ነው፤ በቀን ከሆነ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከሆነ በ1.75፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። የላኪ ቤት ሥራ በምርት ወቅት እስከ እኩለ ሌሊት ሊያስመሽ ይችላል። "ደመወዝሽ ከፍ ያለ ስለሆነ የትርፍ ሰዓት የለም" ካሉሽ እጥፉ እዚያው አለቀ። ጡረታውንም ጠይቂ፦ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከእነሱ 11 በመቶ ይገባል። የሚቆርጡት ከሙሉ ደመወዝሽ ላይ ነው ወይስ ወረቀት ላይ ካሳነሱት? ይህን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ የሌላውን ሒሳብ ስትሠሪ የራስሽን እንዳትረሺ ብዬ ነው።

3. የታመመ ሰው እንዴት እንደሚያዝ እዪ። ከሁሉ አጥብቄ የምነግርሽ ይህን ነው። እዚህ ቆላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፤ ዝንቧ የምትነክሰው ማታ፣ ሰው ሜዳ ላይ ወይም ግራር ሥር ሲተኛ ነው። ክፋቱ ቶሎ አይታይም። ልጁ ብሩን ይዞ ደስ ብሎት አገሩ ይገባል፤ ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይለዋል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይመነምናል። ያኔ ተሸክመው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚያስገቡት ወላጆቹ ናቸው፤ አሠሪው ስሙንም አያስታውሰው። አጎበር የሚያድልና የታመመውን በራሱ መኪና የሚያደርስ እርሻ ትንሽ ቀንሶ ቢከፍል እንኳ የበለጠ ከፍሏል። ቢሮ ውስጥም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። አለቃው ሰው ፊት የሚሳደብበት፣ ሠራተኛው እርስ በርሱ የሚፈራራበት ቤት መጀመሪያ አይጎዳሽም፤ ሰውነትሽ ላይ የሚወጣው ቆይቶ ነው፣ የሚያስታምምሽም ያ አለቃ አይደለም። አዋጁ ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ይፈቅድለታል። እዚያ ቤት ይህን ጠይቆ ያገኘ ሰው አለ?

4. የለቀቁትን ፈልገሽ ቡና ጋብዢ። በሥራ ላይ ያለው ይፈራል፤ የወጣው ይናገራል። አንዱ ቂመኛ ሊሆን ይችላልና ቢያንስ ሁለት ሰው ስሚ፤ ሁለቱም ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ካሉሽ እመኚ።

5. አሠሪ ዘንድ ደመወዝ አታስቀምጪ። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በዚች የድንበር ከተማ ድልድይ ስንቱ ባዶ እጁን ወደ እኛ ተሻገረ! ከዚህ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ወደ ሱዳን የሄዱ ልጆቻችንም አብረው ነበሩ፤ "ሲጠራቀም ትወስጂዋለሽ" የተባለ ገንዘብ እዚያው ቀረ።

6. ብሩ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን መካድ ሐሰት ነው። የእናትሽ ዕዳ ወይም የታናሽሽ ትምህርት የሚጠይቅሽ ከሆነ ሂጂ፣ ማንም አይፈርድብሽም። ግን እንደ ሳሉጉ ሂጂ፦ እሱ ቆላ የሚወርደው ይህን ያህል ይዤ በዚህ ወር እመለሳለሁ ብሎ ነው። ብሩንም ወሩንም ጽፈሽ ለእናትሽ ስጫት፤ ቀኑ ሲደርስ ታስታውስሽ። ልክ የሌለው "ትንሽ ልጨምር" ነው ሰውን የሚያስቀረው።

7. ከቆረጥሽ አሁን ካለሽበት በሥርዓት ውጪ። አዲሱን ውል ሳትፈርሚ መልቀቂያ አታስገቢ፤ ከፈረምሽ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን ስጪ፣ መዝገቡን አስረክቢ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ይዘሽ ውጪ። አዲሱ ቤት የሙከራ ጊዜ ካስፈረመሽ ከ60 የሥራ ቀን ማለፍ የለበትም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እነሱ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ እንደሚችሉ ሁሉ አንቺም ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችያለሽ። እነሱ ሲፈትኑሽ አንቺም ፈትኛቸው። ውሉን ግን ከመፈረምሽ በፊት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።