አቀንጭራና የጥራጥሬ ስብጥር፦ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

የማሽላ ማሳ ዝናብ ሳይጎድልበት እንደ ተጠማ ሰብል ሲጠወልግና ቅጠሉ ሲገረጣ፣ ምክንያቱን ከምድር በታች መፈለግ ይገባል። በራያ ቆቦ፣ በቃሉ፣ በዋግ ኽምራና በመተከል ቆላማ አካባቢዎች የሚኖሩ ምእመናን ጠላታቸውን በስሙ ያውቁታል፤ አቀንጭራ ነው። ማሽላን፣ በቆሎንና ዳጉሳን፣ አልፎ አልፎም ጤፍን የሚያጠቃ ጥገኛ አረም ሲሆን፣ አንዱ ተክል ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ በአፈር ውስጥም ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

የአረሙን ጠባይ ሳያውቁ መከላከያውን መረዳት አይቻልም። የአቀንጭራ ዘር ዝናብ ስላገኘ ብቻ አይበቅልም፤ የሰብል ሥር እስኪቀርበው ይጠብቃል። ማሽላ በአፈሩ ውስጥ ንጥረ ነገር፣ በተለይም ፎስፈረስ፣ ሲያንሰው ረዳት የሆኑ ፈንገሶችን ለመጥራት ስትሪጎላክቶን የተባለ ቅመም ከሥሩ ያመነጫል። ጥሪውን ፈንገሶቹ ይሰሙታል፤ አቀንጭራም ይሰማዋል። በቅሎም በማሽላው ሥር ላይ ይጣበቅና ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። መሬቱ በደከመ መጠን ጥሪው ስለሚበረታ፣ አቀንጭራ የሚጸናው በደከመ መሬት ላይ ነው።

በወንጌል በተነገረው ምሳሌ እንክርዳዱ እስከ መከር የቆየው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ነው። ምሳሌው ስለ ሰው ልጆች የተነገረ እንጂ የአረም መመሪያ ስላልሆነ፣ ማንም ለአቀንጭራ ዕረፍት መስጫ ሊያደርገው አይገባም። እርግጥ አቀንጭራ ብቅ ከማለቱ በፊት ለሳምንታት ከመሬት በታች ሲመጥጥ ስለሚቆይ፣ ከታየ በኋላ መንቀሉ የዘንድሮውን ምርት እምብዛም አያድንም። ገበሬው ይህን አይቶ ለመንቀል ቢያመነታ አይፈረድበትም። ከማበቡ በፊት ቢነቀል ግን የመጪዎቹን ዓመታት ማሳ ያድናል። አብቦ የተነቀለው ይቃጠል፤ ለከብት አይሰጥ፤ ዘሩ በከብት ሆድ ሳይሞት አልፎ በፍግ ወደ ማሳው ይመለሳልና።

ጥራጥሬን ከማሽላ ጋር አሰባጥሮ መዝራት ጠላቱን በዚያው በአፈር ውስጥ ያገኘዋል። የላም አተር፣ አኩሪ አተርና ለውዝ ከሥራቸው በሚያመነጩት ቅመም የአቀንጭራን ዘር ይቀሰቅሱታል፤ ነገር ግን ሊጣበቅባቸው አይችልም። በቅሎ የሚጣበቅበት ሥር ያጣ ዘር በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚሞት፣ በአፈሩ ውስጥ የተከማቸው ዘር እየቀነሰ ይሄዳል። ጥራጥሬው ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ መሬቱን ያዳብራል፤ ቅጠሉም አፈሩን አልብሶ ያቀዘቅዛል። አዘራሩ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ከማሽላው እጅግ ርቆ የተዘራ ጥራጥሬ ሥሩ ከማሽላው ሥር ጋር ስለማይገናኝ ጥቅሙ ያንሳል። ሽልሻሎ በሚደረግበት አገርም ጥራጥሬው ከሽልሻሎው በኋላ ካልተዘራ ማረሻው ይነቅለዋል። በአንድ ክረምት ለውጥ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ለብዙ ዓመታት የተከማቸ ዘር የሚያልቀው በብዙ ዓመታት ነውና።

ከምግብ ጥራጥሬዎች ይልቅ የበረታው ዴስሞዲየም የተባለው የመኖ ተክል ነው። በኬንያ የሚገኘው ኢሲፔ ከእንግሊዙ ሮታምስተድ የምርምር ተቋም ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባዳበረው ዘዴ፣ ዴስሞዲየም በሰብሉ መካከል፣ ዝሆኔ ሣር በማሳው ዳር ይተከላል። ዘዴው የታሰበው ለአገዳ ቆርቁር ነበር፤ አቀንጭራን መግታቱ ኋላ የታየ በረከት ነው። የዴስሞዲየም ሥር ዘሩን ከቀሰቀሰ በኋላ የቡቃያውን ሥር እድገት የሚገታ ሌላ ቅመም ስላለው፣ አረሙ ማሽላው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ተክሉ ለሰው ምግብ አይሆንም፤ ከብት ላለው ቤተሰብ ግን ጥሩ መኖ ነው።

ስብጥሩ ከሚቋቋም ዝርያ ጋር ቢጣመር ይመረጣል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ በምትገኘው ኦሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ፣ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች አቀንጭራን እንዲቋቋሙ የወጡ ናቸው።

እዚህ ኮልፌ 18 ማዞሪያም ሆነ በሌላ የከተማ አጥቢያ ያሉ ሰበካ ጉባኤያት ነገሩ የገጠር ብቻ እንዳይመስላቸው። በድርቅ ዓመት ለተጎዱ ወገኖች ከገበያ ማሽላ ገዝቶ «ይዘራ» ብሎ መላክ፣ የበቀለበት ማሳ ካልታወቀ አቀንጭራን ንጹሕ ወደ ሆነ ወረዳ ማጓጓዝ ሊሆን ይችላል። ለምግብ የሚላከው እህል ለምግብ ይሁን፤ ለዘር የሚላከው ምንጩ ከታወቀ የዘር አባዢ ወይም ከግብርና ጽሕፈት ቤት ይገዛ።

በገጠር አጥቢያዎች ዋናው እንቅፋት ልቅ ግጦሽ ነው። ዴስሞዲየም ለዓመታት የሚቆይ ተክል ስለሆነ፣ ከአጨዳ በኋላ ከብት ከተለቀቀበት ይጠፋል። አንድ ገበሬ ብቻውን ጎረቤቱን ከልክሎ አይዘልቅም። ስለዚህ የታጠረ የቤተ ክርስቲያን መሬት ያለው አጥቢያ ጥቂቱን ለማሳያ ይለይ፤ ግማሹን ማሽላ ብቻውን፣ ግማሹን ከጥራጥሬ ጋር ይዝራበት። የግጦሹንም ስምምነት ካህናቱና የአገር ሽማግሌዎች ከሰኔ በፊት ከምእመናኑ ጋር ይጨርሱት።